ወንበሩና ግጦሹ፦ የመቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የእንደራሴነት ሕይወት ከጭፍራ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ እንደራሴ ነው። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስን አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በሸመገሉበት ዘመን፣ ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ሳሉ ነው። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በንግግር ሲከፍቱ በቴሌቪዥን እናያቸው ነበር። እኔ የማነሣው ግን ከዚያ 40 ዓመት በፊት የነበሩትን ግርማ ነው፤ በ36 ዓመታቸው ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው፣ በዚያው ምክር ቤት ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በፕሬዚዳንትነት የተቀመጡትን ሰው።

አንድ የአዲስ አበባ ተወላጅ ታሪክ ለምን በአፋር ምድር ይወራል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ መቶ አለቃ ግርማ እንደራሴ የሆኑበት የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ማን ሊመረጥ እንደሚችል የሚወስን አንድ አንቀጽ፣ የግጦሽ መሬት የማን እንደሆነ የሚወስን ሌላ አንቀጽ ነበረው። ሁለቱ አንቀጾች በሰነዱ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ የሕግ ተማሪዎችም ለየብቻ ነው የሚያነቧቸው። አፋር ላይ ግን የወደቁት በአንድነት ነው። ይህን ለማየት የሚመች ስፍራ ደግሞ ጭፍራ ነው።

ጭፍራን ለማያውቅ እንግዳ ጥቂት ልበል። ጭፍራ በአውሲ ረሱ፣ ከሚሌ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከምዕራብ በኩል የወሎ ደጋ ጠርዝ አለ፤ ሐብሩ ጎረቤቷ ነው። በምሥራቅ ምድሩ እየረገበ ወደ አዋሽ ሜዳ ይወርዳል። የደጋው እህልና የቆላው ከብት የሚገበያዩባት የድንበር ገበያ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም የጦርነቱ ግንባር ሆና በጥቅምትና በኅዳር ከእጅ ወደ እጅ ተቀያይራለች። በቀድሞው አማርኛ «ጭፍራ» የአንድ አለቃ ተከታይ ሠራዊት ማለት ነው፤ የከተማዋ ስም ከዚያ መጣ እያልኩ አይደለም፣ ነገር ግን ስለ ውክልና ለሚናገር ሰው ቃሉ ራሱ ያሳስባል። ጭፍራ አለቃውን ይከተላል። እንደራሴ ደግሞ፣ ቃሉ እንደሚነግረን፣ እንደ ራሴ ሆነህ ቁምልኝ የተባለ ሰው ነው። የ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ፓርላማ ታሪክ በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል የነበረው መወላወል ነው።

ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። መጀመሪያ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሱ፤ ቀጥሎ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ፤ የጣሊያን ወረራም ትምህርታቸውን አቋረጠው። የዚያ ትውልድ ልጆች ዕጣ እንዲህ ነበር፤ የመማሪያ ዕድሜያቸውን ወረራው በልቶታል። ነፃነት ሲመለስ የመንግሥት ሥራ የተከፈተላቸውም ያንኑ የተጓደለ ትምህርት ይዘው ነው። ግርማ በወታደራዊ ሬዲዮ ግንኙነት ሥራ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ከገነት ጦር ትምህርት ቤት በምክትል መቶ አለቅነት ተመረቁ። ከዚያ ወደ አየር ኃይል ተዛወሩ፤ በአየር ትራንስፖርት አስተዳደርና በበረራ ቁጥጥር በኔዘርላንድስ፣ በስዊድንና በካናዳ ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1955 በፌዴሬሽን በነበረችው ኤርትራ የሲቪል አቪዬሽን ኃላፊ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የመላው ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ዋና ዳይሬክተርና የአየር መንገዱ የቦርድ አባል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በዋና ዳይሬክተርነት ተሻገሩ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የሥራ ታሪካቸውን ለማሳመር አይደለም። ለምክር ቤት ሲወዳደሩ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ያሳያል፦ መንግሥት የሠራው፣ የመንግሥትን ሥራ ከውስጥ የሚያውቅ፣ በ30ዎቹ ዕድሜ መካከል ያለ ባለሙያ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ስድስት ቋንቋ ነው። ለዚያ ዘመን እንደራሴ ብርቅ ሀብት ነበር፤ አፋርኛ ግን በስድስቱ ውስጥ የለም። ይህን የምለው እሳቸውን ለመውቀስ ሳይሆን፣ የአገሪቱ የቋንቋ ካርታ በአንድ እጅግ የተማረ ሰው አእምሮ ውስጥ እንኳ የት ላይ ያበቃ እንደነበር ለማመልከት ነው።

ግርማ በገነት ጦር ትምህርት ቤት ማዕረጋቸውን በተቀበሉበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1944 ሌላ ወጣት በአውሳ ሥልጣን ያዘ። አሊሚራህ ሐንፈሬ ሱልጣን መሐመድ ያዮን ተክተው የአውሳ ሱልጣን ሆኑ። ሁለቱ ሰዎች የአንድ ትውልድ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ከወታደር ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ምክር ቤት ወንበር ሄደ። ሁለተኛው በወንዙ ዳርቻ ተቀምጦ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ያለ አማላጅ ይነጋገር ነበር፤ ቢትወደድ የሚለውን ማዕረግም ከንጉሠ ነገሥቱ አግኝቷል። በ1950ዎቹ «አፋርን በአዲስ አበባ የሚወክለው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከምክር ቤቱ መዝገብ ይልቅ የሱልጣኑን ስም የሚጠራ ይበዛ ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንግባ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት ይመረጡ ነበር፤ ሕዝቡ ምርጫ ለማድረግ ገና አልደረሰም የሚል ምክንያት ተሰጥቶ። የጥቅምት 24 ቀን 1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ይህን ቀየረ። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ተካሄደ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው የገቡት በዚያ ምርጫ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ተደረገ፤ ግርማም የገቡት በዚህ ነው። የአዲስ አበባ አየር ገና አልጠራም ነበር። መንግሥቱ ንዋይ ተሰቅሏል፤ ወንድሙ ገርማሜም ሞቷል። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር በሕግ አልነበረም። ተወዳዳሪው የሚቀርበው በስሙ፣ በዘመዱና በኪሱ ብቻ ነው።

የመመረጫው መስፈርት ምን ይል ነበር? እንደራሴ ለመሆን 25 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 35 ዓመት። አገሪቱ እያንዳንዱ 200,000 ያህል ሕዝብ ባለው የምርጫ ወረዳ ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል። መምረጥ የሚችለው 21 ዓመት የሞላው፣ በወረዳው መደበኛ ነዋሪ የሆነ ወይም አዘውትሮ የሚገኝ ሰው ነው። «አዘውትሮ የሚገኝ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ረቂቁን የጻፉት ሰዎች ተንቀሳቃሽ ሕዝብ መኖሩን ፈጽመው አልዘነጉትም። ለመምረጥ በሩ ገርበብ ብሎ ተትቷል። ለመመረጥ ግን ሌላ ነው። ተመራጩ በወረዳው እውነተኛ ነዋሪና በዚያው ወረዳ የንብረት ባለቤት መሆን አለበት። የምርጫው ሕግ መጠኑን ቆረጠው፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 2,000 ብር የሚያወጣ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሀብቱ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ሀብቱ በምድር ላይ ከተተከለው ሰው ሁለት እጥፍ እንዲኖረው ተጠየቀ። አንድ የጭፍራ አካባቢ አርብቶ አደር ግመሎቹ ከ2,000 ብር በላይ ያወጡ ይሆናል፤ ያን የሚገምትለትና የሚመዘግብለት ግን ማን ነው? ዝናብ ሲጠፋ መንጋው ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ወይም ወደ ምዕራብ ወደ ደጋው ጠርዝ ይጠጋል። ታዲያ ንብረቱ «በምርጫ ወረዳው» የሚገኘው በየትኛው ወር ነው? የአፋር ምድር ደግሞ በዚያ ዘመን በወሎ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌ፣ በሸዋና በኤርትራ ጠቅላይ ግዛቶች መካከል ተቆራርጦ ነበር። አንድ ጎሣ በክረምት አንዱ ጠቅላይ ግዛት፣ በበጋ ሌላው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የ200,000ው ሒሳብ በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ሲተረጎም፣ አፋር በየስፍራው ከደገኛው ጋር እየተደመረ በየስፍራው አናሳ የሚሆንበት ሒሳብ ነው።

ይህ የመጀመሪያው አንቀጽ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ 130 ነው። በማንም ግለሰብ ወይም ድርጅት ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ፣ ደኑም፣ የግጦሽ መሬቱም፣ ወንዙም፣ ሐይቁም የመንግሥት ነው ይላል። በአፋር ሥርዓት ከብት የቤተሰብ ነው፤ ግጦሽና ውኃ የጎሣ ነው። ጎሣ ግን በሕጉ ዓይን «ሰው» አይደለም፤ በስሙ ርስት አላስመዘገበም። ስለዚህ አንቀጹ በወጣበት ቀን አንድም ወታደር ሳይንቀሳቀስ፣ አንድም አጥር ሳይታጠር፣ የአዋሽ ሜዳ ግጦሽ በወረቀት ላይ የመንግሥት ሆነ።

ሁለቱን አንቀጾች አሁን አገናኙዋቸው። አንቀጽ 130 አርብቶ አደሩን መሬት አልባ አደረገው፤ የመመረጫው አንቀጽ ደግሞ መሬት የሌለውን ሰው ወደ ምክር ቤቱ በቀላሉ እንዳይገባ አደረገው። መሬቱ የተወሰደበትን ሕግ ለመቃወም የሚያስፈልገው ወንበር የሚገኘው በመሬት ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተሸረበ ነው አልልም። የምርጫውን ሕግ የጻፉት ሰዎች በልባቸው የነበረው የሸዋና የጎጃም ባለ ርስት ይመስለኛል፤ ስለ አፋር ክፉም ደግም አላሰቡም። ለታሪክ ተመራማሪ ግን አለማሰብም ውጤት ያለው ድርጊት ነው።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ በዱብቲ አካባቢ ጀመረ። በጥር 1954 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በወንዙ ውኃና በተፋሰሱ መሬት አጠቃቀም ላይ ሰፊ ሥልጣን ተሰጠው። ቻርተሩ የወጣው በነጋሪት ጋዜጣ፣ በአጠቃላይ ማስታወቂያ ቁጥር 299 ነው። «አዋጅ» አይደለም። አዋጅ ቢሆን በሁለቱ ምክር ቤቶች ማለፍ ነበረበት፤ እንደራሴዎች ሊከራከሩበት፣ ወደ ኮሚቴ ሊመሩት፣ ሊያዘገዩት ይችሉ ነበር። አጠቃላይ ማስታወቂያ ግን ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ይገባል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ወንዞች የአንዱ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘውና ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቀው አዋሽ፣ ዕጣው ሲወሰን ወጣቱ ግርማና ባልደረቦቻቸው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ጉዳዩ ግን በእነሱ በር አላለፈም።

አንድ ነገር ላስረዳ፤ ከደጋ የመጡ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይስቱታልና። የእርሻ ልማቱ የወሰደው መሬት ከአፋር ምድር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ካርታ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ሰንበር ይመስላል። ነገር ግን አርብቶ አደርነት በስፋት የሚለካ ኑሮ አይደለም። በዝናብ ወራት መንጋው የሚበተንበት ሰፊ ሜዳ ዋጋ የሚኖረው፣ በበጋ የሚመለስበት ጠባብ የወንዝ ዳር ግጦሽ ካለ ብቻ ነው። የወንዙ ዳር ሲታጠር ሰፊው ሜዳም አብሮ ይሞታል፤ ማንም ባይነካው እንኳ። ስለዚህ በዱብቲ የታጠረው ጥጥ፣ ዱብቲን አይቶ የማያውቀውን መንጋ ጭምር ነክቷል፤ ከወንዙ የተገፋው ከብት ወደ ሌላው ጎሣ ግጦሽና ወደ ደጋው ወሰን ይገፋልና።

ሱልጣን አሊሚራህስ? እሳቸው ባላጋራቸውን በራሱ መሣሪያ ገጠሙት። የአውሳ ባላባቶች ራሳቸው ጥጥ መትከል ጀመሩ፤ ሱልጣኑም በዘመኑ ከታወቁት ትላልቅ የጥጥ አምራቾች አንዱ ሆኑ። እንደ ፖለቲካ ብልሃት ካየነው የሚደነቅ ነው፦ መሬት ግጦሽ ሆኖ ከታየ የመንግሥት ነው፤ ከታረሰ ግን ባለቤት አለው። እንደ ውክልና ካየነው ግን ጥያቄ ያስነሣል። የታረሰው አውሳ በሱልጣኑ ተጠበቀ፤ ከአውሳ ውጭ ያለው፣ ወደ ጭፍራና ወደ ሚሌ ያለው ከብት አርቢ ግን ምክር ቤቱም ሱልጣኑም ሙሉ በሙሉ ያልሸፈኑት ሆኖ ቀረ።

አንድ ወጣት የምክር ቤት ፕሬዚዳንት ምን ማድረግ ይችል ነበር? እውነቱን እንናገር፤ ብዙ አይደለም። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱን በየዓመቱ ከአባላቱ መካከል ይመርጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሕግ መወሰኛውን ፕሬዚዳንት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበሩ፣ ግርማ በሦስቱ ዓመታት በአገሪቱ ከነበሩት ከፍተኛ ባለሥልጣናት መካከል ቦታቸውን በድምፅ ካገኙት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። በ52ኛው ዓለም አቀፍ የፓርላማዎች ጉባኤም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል። ነገር ግን ሚኒስትሮች ተጠያቂነታቸው ለዘውዱ እንጂ ለምክር ቤቱ አልነበረም፤ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለፈ ረቂቅ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሕግ አይሆንም። የምክር ቤቱ እውነተኛ ኃይል የማዘግየት ኃይል ነበር።

ይህ ኃይል በማን ላይ እንደዋለ ደግሞ ኋላ ታየ። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1966 ከተቋቋመ በኋላ ለጭሰኞች መጠነኛ ዋስትና የሚሰጥ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር። የባለ ርስቶች ድምፅ በጎላበት ምክር ቤት ውስጥ እየተንከባለለ፣ ዘውዱ እስኪወድቅ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። ብዙ ጊዜ የንጉሡ ዘመን ፓርላማ «ማኅተም መቺ» ነበር ይባላል። እኔ ከዚህ አባባል ጋር አልስማማም። ማኅተም መቺ ቢሆን ኖሮ የጭሰኛው ረቂቅ ባለፈ ነበር። ያ ምክር ቤት «እምቢ» ማለት ያውቅ ነበር፤ እምቢ የሚለው ግን የአባላቱ ርስት ሲነካ ነው። አዋሽ ላይ የአብዛኞቹ አባላት ርስት አልነበረም። የመመረጫው መስፈርት ንብረት ሲሆን፣ የተመራጩ ጥብቅና ንብረቱ እስካለበት ድረስ ብቻ ይዘልቃል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ መጣ። ዓለም የሚያውቀው «የወሎ ረሃብ» በሚለው ስም ነው፤ የደሴና የኮረም መንገድ ዳር ፎቶግራፎችም የደገኛውን ገበሬ ፊት አሳዩን። ያ ረሃብ ግን አስቀድሞና አብሮ የቆላው ረሃብ ነበር። ላርስ ቦንደስታም እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ በሰሜን ምሥራቅ ቆላ የተከሰተውን እልቂት ከእርሻ ኮንሴሲዮኖቹ ጋር አያይዞ ተከራክሯል። ድርቁን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ የሚፈልግ አለ፤ ዝናብ በእርግጥ ጠፍቷል። ነገር ግን አፋር ከዚያ በፊትም ዝናብ ሲጠፋ ያውቃል፤ የማያውቀው ዝናብም የወንዝ ዳርም በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ፤ ፓርላማውም አብሮ ተዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ዘላን ተብለው የተጠሩት ሕዝቦች በልማድ በሚጠቀሙበት የግጦሽ መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸው በግልጽ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር በኢትዮጵያ ሕግ ሲጻፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው፤ አስገራሚው ይህን የጻፈው ምንም የተመረጠ እንደራሴ የሌለው መንግሥት መሆኑ ነው። ይኸው አዋጅ የአውሳን የጥጥ እርሻዎች ወረሰ፤ በዚያው ዓመት ውጊያ ተነሣ፤ ሱልጣን አሊሚራህ በጅቡቲ በኩል ወደ ስደት ሄዱ። የእርሻ ኮንሴሲዮኖቹ ደግሞ ለአርብቶ አደሩ አልተመለሱም፤ የመንግሥት እርሻ ሆኑ። መብቱ ወረቀት ላይ፣ ጥጡ መሬት ላይ ቀጠለ። በ1980 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ አሰብም ራስ ገዝ ተብላ ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዕጩው ሁሉ በአንድ ፓርቲ ማጣሪያ ባለፈበት ሥርዓት ውስጥ የእንደራሴ ሕይወት ታሪክ መጻፍ ከባድ ነው።

ግርማ በዚህ ዘመን ከሕግ አውጭነት ርቀው ነበር። በአስመጪና ላኪ ድርጅት ሠሩ፤ ለኤርትራ ችግር ሰላማዊ መፍትሔ ለማፈላለግ በተቋቋመው ኮሚሽንም ምክትል ኮሚሽነር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ለም ኢትዮጵያ የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ናቸው። የቀድሞው የምክር ቤት ፕሬዚዳንት በሽምግልናቸው ወደ አፈርና ወደ ውኃ ጉዳይ መመለሳቸው ትኩረቴን ይስበዋል፤ ከምክር ቤት ወንበር በር ስር ያለፈውን ጉዳይ በማኅበር በኩል ማግኘት ነው።

ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ዘላኖች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚጠቀሙበት መሬት በነፃ የማግኘት፣ የመጠቀምና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። የንብረት መስፈርቱ ተሰርዟል፤ የመመረጫ ዕድሜ 21 ሆኗል። በአምስት የተቆራረጠው አፋር አንድ ክልል ሆነ፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 8 እንደራሴዎች ይልካል፤ ክልሉም የራሱ ምክር ቤት አለው። ስለዚህ ዛሬ የአንድ የጭፍራ አርብቶ አደር ልጅ፣ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በስሙ ሳይኖረው፣ በ21 ዓመቱ ሕግ አውጭ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1961 ይህ የማይታሰብ ነበር።

ነገር ግን ይህ ወጣት ከምን ዓይነት ትምህርት ቤት ይመጣል? በዩኒቨርሲቲ ብቻ የተማረ አድርገን እንዳናስበው። አፋር የራሱ የምክክር ሥርዓት አለው። ሕጉ መድአ ነው፤ ሕጉን የሚያውቁና የሚፈርዱ ሽማግሌዎች መካባንቱ ናቸው። የእኩዮች ማኅበር ፊኢማ ይባላል፤ መሪ አለው፣ ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን የሚያስፈጽመውም እሱ ነው። ወጣት በዚህ ሥርዓት ተመልካች አይደለም፤ የውሳኔው እጅ ነው። ክርክሩ ጥላ ሥር ለቀናት ሊዘልቅ ይችላል፤ ዓላማው ድምፅ ቆጥሮ ማሸነፍ ሳይሆን ሁሉም የሚቀበለውን ማግኘት ነው። በላዩ ላይ ዳጉ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ውሸት የተናገረ ሰው ስሙ ይጠፋል። የአራት ኪሎ እንደራሴ በአራት ዓመት አንዴ ከመራጩ ጋር ይገናኝ ነበር፤ በዳጉ ምድር የተመረጠ ሰው ግን የተናገረው ቃል ከመኪናው ቀድሞ ጭፍራ ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ አስቸጋሪው ነገር ይመጣል። የዘመኑ ሕግ አውጭ ድምፁን የሚሰጠው ለፓርቲው ነው፤ ፓርቲው ደግሞ በአብዛኛው የክልሉ ብቸኛ ገዥ ፓርቲ ሆኖ ኖሯል። የአፋር ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ለረጅም ዘመን፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብልጽግና። የንብረት በር ተከፍቷል፤ የዕጩነት በር ግን አሁንም በረኛ አለው። በ2000ዎቹ የተንዳሆ ግድብና የስኳር ልማት በዚያው በዱብቲ ሜዳ ላይ ሲስፋፋ፣ ጥያቄው በ1954 ዓ.ም. ከነበረው ጋር የሚመሳሰል ነበር፦ ስለ ወንዙ ዳር የተወሰነው የት ነው? በምክር ቤት ወይስ ከምክር ቤት ውጭ? ልዩነቱ አሁን በምክር ቤቱ ውስጥ የሚጠየቅ አፋር መኖሩ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ለተመራጩ ግን ሸክምም ነው። የ1954ቱ አርብቶ አደር «ሰው የለኝም» ሊል ይችል ነበር፤ የዛሬው ግን ሰው አለው፣ ስሙንም ያውቀዋል።

ወደ መቶ አለቃ ግርማ ልመለስና ልጨርስ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ምርጫ፣ በ75 ዓመታቸው፣ ከበቾ የምርጫ ክልል በግል ተወዳድረው አሸነፉ። ከ39 ዓመት በኋላ ወደዚያው የሰዓት ማማ ወዳለው የአራት ኪሎ ሕንፃ እንደራሴ ሆነው ተመለሱ፤ ይህ ጊዜ ግን የመድረኩን ወንበር ሳይሆን ከ500 በላይ ከሆኑት የአዳራሹ ወንበሮች አንዱን ይዘው። ፓርቲ ያልነበረበትን ምክር ቤት የመራ ሰው፣ ፓርቲ በሞላበት ምክር ቤት ውስጥ የግል ተመራጭ ሆኖ መቀመጡ የዘመኑን ለውጥ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይልቅ ያሳያል። በዚያ ወንበር ላይ የቆዩት ግን አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧቸው።

ፕሬዚዳንቱ በምክር ቤቱ የጸደቁ ሕጎችን ይፈርማሉ። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ግን ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። በወጣትነታቸው ምክር ቤታቸው ያሳለፈው ሕግ ያለ አንድ ሰው ፊርማ አይጸናም ነበር፤ በእርጅናቸው ፈራሚው እሳቸው ሆኑ፣ ፊርማው ግን የግድ መሆኑ ቀርቷል። አንቀጽ 70 ደግሞ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የአንዱ አባል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ የወከለበትን ወንበር እንዲለቅ ያዛል። የበቾ ገበሬዎች ራሳቸው መርጠው የላኳቸው ሽማግሌ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሲገቡ፣ በምክር ቤቱ የነበራቸውን አንድ ድምፅ አጡ። መቶ አለቃ ግርማ ለሁለት የሥራ ዘመን፣ እስከ መስከረም 2006 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት ቆዩ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።